ከእማዬ የደበቅነው

ሐኪሙ ውጤቱን የነገረን ኮሪደር ላይ ቆመን ነው። ታኅሣሥ 2015 ነበር። እማዬ ውስጥ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ስታስተካክል በበሩ ክፍተት ትታየኛለች። ከአንጀቷ የተነሣው ካንሰር ጉበቷ ላይ ደርሷል አለን። ቀዶ ጥገና አይሆንም፣ የቀራት ወራት ነው። "ለእሷ እናንተ በሚሻላችሁ መንገድ ንገሯት" ብሎን ሄደ። ታላቅ ወንድሜ አንድ ደቂቃ እንኳ አላሰበም። "እንዳትሰማ! ጨጓራ ነው እንላታለን" አለ። ታናሹ ራሱን ነቀነቀ። እኔም እሺ አልኩ።

ይህን የምጽፈው ዛሬም አንድ ኮሪደር ላይ ቆሞ እሺ የሚል ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው። እኔን ያኔ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ምናልባት እናንተ ታገኙ ይሆናል ብዬ ነው።

መደበቅ ይህን ያህል ሥራ እንዳለው አላውቅም ነበር። የምርመራውን ወረቀት ፍራሽ ሥር ከተትነው። የመድኃኒቱን ካርቶን እየጣልን ኪኒኑን በሌላ ብልቃጥ ገለበጥነው። ጠያቂ ሲመጣ ከግቢው በር ላይ ጠብቀን "ጨጓራ ነው የምንላት፣ እንዳታለቅሱባት" እያልን እናስጠነቅቃለን። አክስቴ እንባዋን መያዝ የማትችል ሴት ስለሆነች አንድ ወር ሙሉ እንዳትመጣ አደረግናት። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ መደብ ላይ ያደጉ እህትማማቾች ናቸው እኮ። ያን ወር ዛሬ ማንም አይመልስላቸውም። ኩሽና ውስጥ እንንሾካሾካለን፣ እማዬ ስትጣራ ሁላችንም ዝም እንላለን። እሷ ደግሞ ቀስ በቀስ መጠየቅ አቆመች። ውጤቱ ምን አለ፣ ሐኪሙ መቼ ነው የቀጠረን፣ ይሄ ኪኒን የምንድን ነው፣ ሁሉንም ተወችው። እኛም "ተመስገን፣ አምናናለች" አልን።

ምክንያታችንን ብትጠይቁን ሁላችንም በእምነት ነበር የምንመልሰው። ተስፋዋን አንቁረጥባት፣ እግዚአብሔር ተአምር ያደርጋል፣ ሞት ሞት ማለት ማማረር ነው። በተአምር ያኔም አምን ነበር፣ አሁንም አምናለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ እማዬ ፊት ተቀምጬ ያንን ቃል ከአፌ ማውጣት ስላቃተኝ ነው። ፍርሃቴን እምነት ብዬ ስም ሰጠሁት።

በዚህ መሀል ጠበልም ወሰድናት። ሽሮ ሜዳ ስለምንኖር እንጦጦ ቅርባችን ነው። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ሁለት ወንድሞቼ ደግፈዋት እንወጣለን። እማዬ ደስ ይላት ነበር። ብርዱ እንኳ አያስመርራትም። ግን አንድ ቀን እዚያ ያገኘናት ሴት "ጠበልና ኪኒን አብሮ አይሄድም፣ እምነታችሁ ጎዶሎ ነው" አለችን፣ እኛም ደንግጠን ማስታገሻውን አቆምንባት። አራት ሌሊት። አራቱንም ሌሊት ትራሱን ነክሳ አደረች። የንስሐ አባታችን ይህን ሲሰሙ እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። "መድኃኒቱንስ ማን የፈጠረው መሰላችሁ?" አሉን። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረው እንደነበር አስታወሱን። ኋላ ሐኪሙ የሚጠጣ ሞርፊን አዘዘላት። ሱስ ይሆንባታል፣ ያደነዝዛታል ብለን እሱንም ፈርተን ነበር። እናንተ አትፍሩ። በልኩ ስትወስደው ስቃዩ ቀለላት፣ መጸለይ ቻለች፣ ሰው ማውራት ቻለች። በሕመም የሚጮህ ሰው አቡነ ዘበሰማያትን እንኳ መጨረስ አይችልም።

አሁን ወደዚያች ሌሊት ልምጣ። የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነበር፣ ጥር 22። እኔ ከአልጋዋ ግርጌ ፍራሽ አንጥፌ ነው የምተኛው። እማዬ ፈታይ ናት። ጥጥ ነድፋ፣ እንዝርት አሹራ፣ ለሸማኔዎች ድርና ማግ እያቀረበች ነው አራት ልጅ ያሳደገችው። እጇ ሥራ ፈትቶ አይቼው አላውቅም። ያን ሌሊት ግን ሁለቱም እጆቿ ብርድ ልብሱ ላይ ዝም ብለው ተዘርግተው ነበር።

"ተኝተሻል?" አለችኝ።

"አልተኛሁም እማዬ።"

"ያን ሳጥን ክፈቺው እስቲ። ከታች ነው፣ ከጋቢው ሥር።"

የቆርቆሮ ሳጥኗን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትኩት። ጋቢውን አነሣሁ። ከሥሩ በነጭ ፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ስፈታው የዕጣን ሽታ ወጣ። ውስጡ አዲስ አቡጀዲ መሰለኝ መጀመሪያ። ስዳስሰው ግን አቡጀዲ አይደለም። የእሷ ፈትል ነው። ክሩን አውቀዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጠነጥነው የኖርኩት ነው፤ እንደሷ አድርጋ የምታቀጥን ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም። ጥለት የለውም። ዳር እስከ ዳር ነጭ ነው።

"ምንድን ነው እማዬ?"

"መግነዜ ነዋ። አባታችሁ የሞተ ዓመት ፈትዬ ያሠራሁት ነው። ዕጣኑ ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ እንዳትረሱት።"

አባዬ ከሞተ 14 ዓመት ሆኖታል። 14 ዓመት ሙሉ ያንን ጨርቅ ከራሷ ሥር አድርጋ ተኝታለች ማለት ነው፣ እኛ ደግሞ ሞት የሚለውን ቃል ትሰማለች ብለን በር ላይ ዘብ ቆመናል።

"ጨጓራ ነው አላችሁኝ" አለች። "እሺ አልኳችሁ። እናንተ እንዳትደነግጡብኝ ብዬ እኮ ነው ዝም ያልኩት።"

ጨርቁን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ማልቀስ ስጀምር አልከለከለችኝም። እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፋ ቆየች፣ ከዚያ "ስንት ጊዜ አለ ሐኪሙ?" አለችኝ።

"ወራት ነው ያለው።"

"ፋሲካን እደርስ ይሆን?"

"አላውቅም እማዬ።"

ከአንድ ወር በላይ ከቆየ በኋላ ለእናቴ የነገርኳት የመጀመሪያ እውነት ይቺ ናት። አላውቅም። እማዬ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ እስኪነጋ ዕጣን ዕጣን የሚለውን መዳፌን ሳሸት አደርኩ።

ጠዋት ታላቅ ወንድሜ ሲሰማ ጮኸብኝ። "ገደልሻት" ነው ያለኝ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ገባና እግሯ ላይ ተደፋ፤ የ43 ዓመት ሰው ነው፣ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔ በሩን ዘግቼላቸው ወጣሁ። ምን እንደተባባሉ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

ከዚያ በኋላ እማዬ ሥራ በዛባት። አክስቴ ተጠርታ መጣች፣ ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ፣ ሲበቃቸው ደግሞ ቡና ተፈላና ስለ ልጅነታቸው እያወሩ አመሹ። ከአንዲት ሸማኔ ሚስት የተበደረችው 3,000 ብር እንዳለ ነገረችን፣ ከፈልን። ከጎረቤታችን ጋር በአጥር ምክንያት ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሽማግሌ ላከችባቸው፣ መጡ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ያቺ ጎረቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አጥሚት ይዛ የማትመጣበት ቀን አልነበረም። ንስሐ አባቷ መጥተው ብቻቸውን ሆኑ፣ ረጅም ሰዓት። ካህናቱ ጸሎተ ቀንዲል አደረሱላት፣ በዘይቱ ቀቧት። እማዬ እንደ ብዙ እናቶቻችን "ለእኔ አይገባም" እያለች ከወጣትነቷ ወዲህ ሳትቆርብ የኖረች ናት። ያን ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 13 ገባ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቆረበች። ነጭ በነጭ ለብሳ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁትን መግለጽ አልችልም።

ይህን ሁሉ ልንከለክላት ነበር እኮ። በጣም የሚያመኝ እሱ ነው። ደብቀን ብንጨርሰው ኖሮ ዕዳዋንም፣ ቂሟንም፣ ንስሐዋንም ይዛ ነበር የምትሄደው። ክርስቲያን ለሞት መዘጋጀት ሲገባው እኛ በፍቅር ስም መዘጋጃ ጊዜዋን ልንሰርቃት ነበር።

የምታወራውን በስልኬ መቅዳት ጀመርኩ። ስለ ገጠሩ፣ ስለ አያቴ፣ እኔ ስወለድ ዝናብ እንደነበር። በእናንተም ቤት የታመመ ካለ ዛሬውኑ ቅዱ፣ ነገ አትበሉ። ድምፅ ከፎቶ ይበልጣል።

ሁሉም ግን ሰላም ነበር እንዳይመስላችሁ። አንድ ሌሊት እጄን ጨምድዳ ይዛ "ፈራሁ" አለችኝ። መቁረቧንም፣ መግነዟን ማዘጋጀቷንም አስቤ ግራ ገባኝ። አትፍሪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ዳዊቷን አምጥቼ መዝሙር 22ን ማንበብ ጀመርኩ፣ እግዚአብሔር እረኛዬ ነው የሚለውን። እሷ በቃሏ ነው የምታውቀው፣ እኔ ስሳሳት እያረመችኝ አብረን አልነው። "በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና" የሚለው ጋ ስንደርስ ቆመች፣ ደገመችው። "መብራቱን አታጥፊው" አለችኝ በመጨረሻ። አላጠፋሁትም። ፍርሃት የመጣበት የሚያምን ሰው እምነቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ጌታችንም በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝናለች፣ ተግቶ አብሮት የሚያድር ሰው ፈልጎም ተኝተውበታል። ከታመመ ሰው አጠገብ ነቅቶ ማደር ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሆሣዕና ሚያዝያ 1 ዋለ። እማዬ ካልሄድኩ አለች። ታናሽ ወንድሜ ዊልቸር ተከራየ፣ ራይድ ጠርተን ወሰድናት። ከሴቶቹ በኩል ጥግ ይዘን ቆምን። ዘንባባ ሲታደል አንድ ዘለላ ሰጧት፣ ያ ዝም ብሎ የነበረ እጇ መንቀሳቀስ ጀመረ። ቅጠሉን በጥርሷ ሰነጠቀችው፣ አጠፈችው፣ እያጠላለፈች ቀለበት ሠራች፣ ቀስ እያለች ጣቴ ላይ አስገባችልኝ። አውራ ጣቷ ላይ ያለው የእንዝርት ጠባሳ እጄን ሲነካኝ እስካሁን ይሰማኛል።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሊወጣ ነው ስል ካህናቱ ሌላ ጸሎት ጀመሩ። ዜማውን አውቀዋለሁ፣ ከቀብር አውቀዋለሁ። ፍትሐት ነው። ማን ሞተ ብዬ አካባቢዬን አየሁ። አስከሬን የለም። ለካ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሆሣዕና ዕለት በቁማችን ለሁላችንም ይደረግልናል። በየዓመቱ ቀለበቴን አድርጌ ቀድሜ ስለምወጣ 38 ዓመቴ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም። ያን ቀን ሕፃን ያዘሉ እናቶች፣ ቁምጣ የለበሱ ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ እኔም እማዬም አንድ ላይ አንገታችንን ደፍተን ቆምን። እማዬ ብቻ አይደለችም የምትሞተው። ሁላችንም ነን። ያን ስሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሷ ጋር በአንድ ወገን የቆምኩ መሰለኝ።

ዊልቸሩን ስገፋ "ሰማሽ?" አለችኝ። "ሰማሁ" አልኳት። ሌላ አላወራንም።

ማክሰኞ ሚያዝያ 3 ንጋት ላይ አረፈች። እኔና አክስቴ ነበርን። ትንፋሿ እየራቀ እየራቀ ሄደ፣ በመጨረሻ አንዱን ጠብቀን ጠብቀን ሳይመጣ ቀረ። ጡሩምባው ተነፋ፣ እድሩ ድንኳን ተከለ፣ በፈተለችው ጨርቅ ተገነዘች። ረቡዕ ተቀበረች። ያለ ፍትሐት። ከገጠር የመጡ ዘመዶቻችን በጣም ነበር የከበዳቸው፣ "እንደ አረመኔ ያለ ፍትሐት ልጅቱን አፈር አለበስናት" ብለው ደረት የመቱ ነበሩ። እኔ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቼ "ተደርጎላታል" አልኳቸው። "እሑድ ተደርጎላታል። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። ራሷም ሰምታለች።" እናንተም በዚያ ሳምንት ሰው ቢሞትባችሁ ይህ ጭንቀት አይጨመርባችሁ።

ሌላው ትልቁ ጉዳይ እህቴ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። እማዬ እውነቱን ካወቀች በኋላ በየማታው በኢሞ ይገናኙ ነበር፣ ተመራርቀው፣ ተላቅሰው፣ ይቅር ተባብለው ጨርሰዋል። መምጣት ግን አልቻለችም፣ አሠሪዋ አልፈቀደችላትም። እማዬ ስታርፍ ታላላቆቹ ተሰብስበው "አይነገራት፣ ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ስትመጣ መርዶዋን እናረዳታለን" አሉ። ለደግነት ነው፣ አውቃለሁ። ስንቶች በዚህ ዓይነት ሁለት ሦስት ዓመት ለሞተች እናት ገንዘብ ሲልኩ፣ "ለእማዬ ሰላም በሉልኝ" ሲሉ ኖረዋል። አውሮፕላን ማረፊያ ደስ ብሏቸው ወርደው ቤታቸው ደጃፍ ድንኳን ያዩ አሉ። እኔ እንቢ አልኩ። አንዴ ደብቀናል፣ ይበቃናል።

ግን ዝም ብዬም አልደወልኩላትም። መጀመሪያ እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች ጋር ደወልኩ። ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ከማዳም ቤት ወጥታ እነሱ ጋ እንድታድር አደረጉ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ቄስም የለም። አምስት ሴቶች አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግተው ንጋት ላይ አረዷት። ጮክ ብለው ማልቀስ ስለማይችሉ ትራስ አፋቸው ላይ ይዘው ነው ያለቀሱት። ስልኩን ክፍት አድርገውልኝ ስለነበር ሰምቻቸዋለሁ። ንፍሮ እንኳ ቀቅለውላታል። ኋላ እህቴ "ከሁሉም የሚሻለው ሳትዋሺኝ መቅረትሽ ነው" ብላኛለች። እናንተም ከነገራችሁ እንዲህ ንገሩ፣ ብቻውን ላለ ሰው በስልክ ዱብ አታድርጉበት፣ ሥራ ላይ ሳለ አትደውሉለት፣ መጀመሪያ አጠገቡ ሰው አስቀምጡ።

የቀብሯ ሦስተኛ ቀን ስቅለት ላይ ዋለ። ለቅሶ ደራሹ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ውሎ ጉልበቱ አቧራ እንደሆነ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ማታ ታላቅ ወንድሜ "እንሂድ" አለኝ። አቅም አልነበረኝም፣ ግን ሄድኩ። ጧፍ ይዘን ቆምን። ሌሊት ላይ ካህኑ "ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን" አሉ። ሕዝቡ መለሰ። እኔ መመለስ አቃተኝ። በየዓመቱ የምለው ቃል ነው፣ ግን "እሙታን" የሚለው ቃል ዕለቱን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ከሙታን። የተነሣው ከሙታን መካከል ነው፣ እማዬ ደግሞ ከአራት ቀን ወዲህ እነሱ ጋ ናት። እሱ እዚያ ገብቶ ወጥቷል። "አሰሮ ለሰይጣን" ሲሉ "አግዐዞ ለአዳም" ብዬ መለስኩ፣ ድምፄ ባይወጣም። ደስታ ተሰማኝ አልላችሁም። ሰምጦ የነበረ እግሬ ግን መሬት ነካ።

ቤት ስንመለስ ያቺ የታረቀችን ጎረቤት ዶሮ ሠርታ ድንኳኑ ውስጥ ጠበቀችን። እያለቀስን ገደፍን።

ከዚያ ድንኳኑ ፈረሰ። እውነተኛው ከባድ ጊዜ እሱ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ኑሮው ይመለሳል፣ ይገባዋልም። እኔ ግንቦት ላይ ሳላስበው ስልኳ ላይ ደውዬ "የደወሉላቸው ደንበኛ" የሚለውን ድምፅ ስሰማ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፣ ሳልደርስ ወርጄ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ሦስት ወር ያህል መጸለይ አልቻልኩም። መጽሐፍ ስከፍት ፊደሉ ይታየኛል እንጂ አይገባኝም። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ እመለሳለሁ። ለንስሐ አባታችን ስነግራቸው "ቆመሽ መመለስሽን አታቋርጪ፣ ቅዳሴው ላይ ያለው ሕዝብ አንቺንም ይዞ ነው የሚጸልየው" አሉኝ። ሌላ ነገር አላዘዙኝም። በጣም ነው የማመሰግናቸው።

"አታልቅሺ፣ ያመነ አያለቅስም" ያሉኝ ብዙ ናቸው። እባካችሁ ለቅሶ ስትደርሱ ይህን አትበሉ። ሐዋርያው ያለው ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች እንዳታዝኑ ነው፣ ከናካቴው እንዳታዝኑ አላለም። ጌታችን አልዓዛርን ሊያስነሣው እየሄደ እንኳ እንባውን አፍስሷል። ደቂቃዎች ቀርተው እንደሚያስነሣው እያወቀ! ማርታም በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር ብላ ፊት ለፊት ስትናገረው አልተቆጣትም። እኔም ብዬዋለሁ። ቀድመን አስመርምረናት ቢሆን፣ ያን አራት ሌሊት ማስታገሻዋን ባንነሣት፣ ያን አንድ ወር አክስቴን ባንከለክላት። ይህን ሁሉ ለእሱ ማለት ይቻላል። ይሰማል።

እንቅልፍና ምግብ ጨርሶ እምቢ ካላችሁ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂዱ። ታናሽ ወንድሜ አምስት ወር ከተሰቃየ በኋላ ነው የሄደው፣ ቀድሞ መሄድ ነበረበት።

ስለ ተዝካር አንድ ነገር ልበል። አርባዋ ግንቦት 12 ነበር። ዘመድ በሬ ይጣል አለ። ከየት አምጥተን? በብድር ተዝካር አውጥተው ለዓመታት ሲከፍሉ የኖሩ ቤተሰቦች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። ተማከርንና ቅዳሴ አስቀደስን፣ ዳቦና ወጥ ሠርተን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያሉትን ነዳያን አበላን፣ የተረፈውን ለአንዲት የታመመች ፈታይ ጓደኛዋ ወሰድን። አንዳንዱ ዘመድ አኮረፈ። ይህን ግን እማዬ ራሷ ያዘዘችው ነው፣ ስልኬ ላይ አለ፤ "ለእኔ ብላችሁ እንዳትበደሩ፣ ዕዳዬን ከፍዬ ነው የምሄደው" ትላለች፣ ከዚያ ትንሽ ትስቅና ትስላለች።

ሰኔ ላይ ነው ያንን ቅጂ መስማት የቻልኩት። አሁን እሑድ እሑድ እንሰማዋለን፣ እህቴም በኢሞ ሆና።

በ2016 ሆሣዕና ሚያዝያ 20 ላይ ዋለ። ልጄን ይዤ ሄድኩ፣ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው። ቅዳሴው ሲያልቅ እንደ ድሮዬ ሰው መውጣት ጀመረ። እሷም እጄን ጎተተችኝ። "ቆይ" አልኳት። ፍትሐቱ ተጀመረ። "ማን ሞቶ ነው?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ነገርኳት፣ ሳልደብቅ። ትንሽ አሰበችና "አያቴንም ይጨምራል?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ዘንባባዬን ሰንጥቄ እማዬ እንዳደረገችው ለማጠላለፍ ሞከርኩ። ሁለቴ ተፈታብኝ። ሦስተኛው ያዘ፣ ጣቷ ላይ አስገባሁላት፣ ትንሽ ይሰፋታል።